የቀይ ባሕሩ ኮንትሮባንደኛና መጽሐፉ

የወንጀልን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ በፈረንሳይ አገር ከጥንት ጀምሮ ብዙ አንባቢ አለው። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚመራው ብዙ ጊዜ ወንጀለኛውን የሚያሳድደው ብልህ መርማሪ ነው፤ በፈረንሳይ ግን ነገሩ ከመነሻው ሌላ መልክ ነበረው። በ1828 ዓ.ም. የሕይወቱን ታሪክ አሳትሞ ስሙ የገነነው ቪዶክ አስቀድሞ ከወህኒ ያመለጠ ወንጀለኛ፥ በኋላም የፓሪስ የምሥጢር ፖሊስ አለቃ የነበረ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።) ስለዚህ የፈረንሳይ አንባቢ ወንጀልን ከራሱ ከወንጀለኛው አፍ መስማትን የለመደ ነው። ከእንዲህ ዓይነቶቹ መጻሕፍት ውስጥ የኢትዮጵያን ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው አንሪ ዶ ሞንፍሬድ በ1933 ዓ.ም. ያሳተመው «የሐሺሽ ጉዞ» የተባለው ነው። ደራሲው በድሬ ዳዋና በሐረር የኖረ፥ ከኢትዮጵያም እንዲወጣ የተደረገ፥ በኋላም ወራሪውን ጦር ተከትሎ ተመልሶ የመጣ ሰው ነውና።

ሞንፍሬድ በ1879 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ ላ ፍራንኪ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተወለደ። አባቱ ዦርዥ ዳንኤል ሠዓሊ ነበረ፤ ስሙ በዓለም የታወቀው ሠዓሊ ጎጋንም የቅርብ ወዳጁ ነበረ። ልጁ ግን ከቀለምና ከብሩሽ ይልቅ ባሕርንና ጀልባን ወደደ። ካደገም በኋላ በአገሩ ልዩ ልዩ ሥራ ሞክሮ አንዱም ስላልቀናው፥ በ1911 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በድሬ ዳዋ ቡናና ቆዳ በሚገዛ የንግድ ቤት ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ድሬ ዳዋ ገና ልጅ ከተማ ነበረች። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር የደረሰባት በ1902 ዓ.ም. ሲሆን፥ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ከባሕር የመጣው ዕቃ በድሬ ዳዋ ከባቡር እየወረደ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ መሐል አገር ይሄድ ነበረ። የሚወጣው ቡናና ቆዳም እንዲሁ ወደዚያው ይሰበሰባል። ዓይኑን ገልጦ ለሚመለከት ሰው ዕቃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፥ ማን እንደሚቀርጠውና ማን ሳይቀረጥ እንደሚያልፍ ለመማር ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አልነበረም።

ሞንፍሬድም ይህን ትምህርት ፈጥኖ ተማረ። በ1913 ዓ.ም. ሥራውን ትቶ ወደ ጅቡቲ ወረደና ጀልባ ገዝቶ በመጀመሪያ ወደ ሉል ንግድ፥ ከዚያም ጠበንጃን በሥውር ወደ ማሻገር ገባ። ከሶማሌና ከአፋር መርከበኞች ጋር አብሮ እየበላና አብሮ እያደረ ቋንቋቸውን ለመደ፤ በ1914 ዓ.ም. እስላም ሆኖ አብድ ኤል ሐይ ተባለ፤ ትርጓሜውም የሕያው አገልጋይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በቅኝ ግዛቱ ሹማምንት ዘንድ አስጠላው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንደ ተጀመረም በጠበንጃው ንግድ ምክንያት ተይዞ በጅቡቲ ታሰረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በዚያ የባሕር ዳር ጠበንጃ የነገደ ፈረንሳዊ ሞንፍሬድ የመጀመሪያው አይደለም። ግጥሙን ትቶ በ1880 ዓ.ም. ወደ ሐረር የመጣው ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1887 ዓ.ም. ከታጁራ ያስጫነውን ጠበንጃ እስከ ሸዋ አድርሶ ለንጉሥ ምኒልክ ሸጧል። በ1896 ዓ.ም. በዐድዋ ከተተኰሰውም ጠበንጃ ከፊሉ በዚያው የባሕር ዳር የገባ ነው። ስለዚህ የባሕር ላይ ጠበንጃ ነጋዴን ሁሉ በአንድ ቃል ለመኰነን የሚቸኵል ኢትዮጵያዊ፥ የአያቶቹ ጠበንጃ በማን ጀልባ እንደ ተሻገረ ቢጠየቅ መልስ ይቸግረዋል። በሁለቱ ፈረንሳውያን መካከል ያለውም ልዩነት የሚያስደንቅ ነው፤ አንደኛው ጽሕፈትን ትቶ ወደ ሐረር መጣ፤ ሁለተኛው ከሐረር ምድር ተነሥቶ ጸሐፊ ሆነ።

ሞንፍሬድ ከእስር ከወጣ በኋላ ያሰበው ንግድ የመጽሐፉ ታሪክ ነው። ገንዘቡ አልቋል፤ ጠበንጃውም ንግድ ተዘግቶበታል። በግብፅ ሐሺሽ እንደ ወርቅ እንደሚሸጥ ስለ ሰማ በ1915 ዓ.ም. ወደ ግሪክ አገር ሄደ። በዚያን ጊዜ ሐሺሽ በግሪክ ገበሬው በግልጥ የሚያመርተው እህል ነበረ፤ በግብፅ ግን ወደ አገር ማስገባቱ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ሞንፍሬድ የተወለደበት ዓመት መሆኑ ነው። ሰውየው በፔሎፖኔዝ ከገበሬዎች ቤት አድሮ ዕቃውን ገዛ፤ በሕጋዊ ወረቀት ከግሪክ ወደ ማርሴይ፥ ከማርሴይ ወደ ጅቡቲ አስጫነ። ከጅቡቲ በኋላ ሕጉ ያበቃና ሌላው ታሪክ ይጀመራል። በራሱ ጀልባ ከጥቂት መርከበኞች ጋር ቀይ ባሕርን ከደቡብ እስከ ሰሜን ተጕዞ፥ ሸክሙን ከሱዌስ ወዲህ ባለው በረሓ በአሸዋ ውስጥ ቀበረ፤ ከዚያም ሱዌስ ገብቶ ገዢዎቹን አገኘ፤ የበረሓ ዘላኖችም ሸክሙን በግመል ወሰዱት።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ኃይል ሥራን ማወቁ ነው። የወንጀል ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ወንጀሉን ከሌላ መጽሐፍ የተማሩ ናቸው፤ ሞንፍሬድ ግን በእጁ የሠራውን ይጽፋል። ገበሬዎቹ የተክሉን ራስ አድርቀው እንዴት እንደሚወቁት፥ ዱቄቱን በወንፊት እንዴት እንደሚነፉት፥ በጨርቅ ከረጢት ከትተው እንዴት በሙቀት ተጭነው ጡብ እንደሚያስመስሉት ሲተርክ፥ አንባቢው በቤቱ ውስጥ የቆመ ያህል ይሸተዋል። ባሕሩንም እንዲሁ ነው። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን የሚነፍስ ስለ ሆነ በሸራ ወደ ሱዌስ የሚሄድ ሰው ነፋሱን በፊቱ እየተቀበለ፥ አንድ ጊዜ ወደ ዓረብ ዳርቻ አንድ ጊዜ ወደ አፍሪቃ ዳርቻ እየተመላለሰ፥ ብዙ ደክሞ ጥቂት ይራመዳል። ከውኃው በታች ያለውን የዛጐል ድንጋይ በውኃው ቀለም ለይቶ ካላወቀ በአንድ ሌሊት ጀልባውም ሸክሙም ይጠፋል። ፖሊስ ሳይመጣ፥ ጠላት ሳይተኵስ፥ ነፋሱ ብቻ የአንባቢውን ልብ ያንጠለጥለዋል። የሚጠማው ውኃ፥ የሚያልቀው ሩዝ፥ የሚቀደደው ሸራ ሁሉ ዋጋው የታወቀ ነገር ነው። ተኵስና ደም ካልበዛበት ታሪክ አይጥምም ብለው የሚያስቡ ደራስያን ከዚህ መጽሐፍ ብዙ በተማሩ ነበረ።

ሁለተኛው ኃይሉ ሕግን ከታች ወደ ላይ ማሳየቱ ነው። ያው ከረጢት በግሪክ ወደብ ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ፥ በጅቡቲ መተላለፊያ ወረቀት የተጻፈለት ዕቃ፥ በሱዌስ ደግሞ የሚያሳስር ዕቃ ነው። ሞንፍሬድ ይህን እያሳየ አይሰብክም፤ የጉምሩክ ሹሙን፥ ነጋዴውን፥ ደላላውን እያንዳንዱን በየወንበሩ አስቀምጦ እንዲናገር ይተወዋል። አንባቢውም ማን ሕግ አክባሪ ማን ሕግ አፍራሽ እንደ ሆነ ለመለየት ሲቸገር ፈገግ ብሎ የሚመለከተው ይመስላል። ይህ ፈገግታ ግን በኋላ እንደሚታየው ዋጋ ያስከፍላል።

ሦስተኛውም የመርከበኞቹ ነገር ነው። በዚያ ዘመን አውሮጳውያን ስለ አፍሪቃ በጻፉት መጻሕፍት ውስጥ ጥቁሩ ሰው ብዙ ጊዜ ስም የለውም፤ ተሸካሚ ወይም አሽከር ተብሎ ያልፋል። በሞንፍሬድ መጽሐፍ ግን አብዲ አለ፤ ሌሎችም በየስማቸው አሉ፤ ይቀልዳሉ፥ ይፈራሉ፥ ይዘምራሉ፥ ጌታቸው የማያውቀውን የባሕር ምልክት ያውቃሉ። የአፋርና የሶማሌ መርከበኛ ሙያ በአውሮጳ ቋንቋ እንዲህ ባለ ክብር የተጻፈበት መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ ይህም ምስጋና ሊነፈገው አይገባም።

ወደ ድካሙ ስንመጣ ግን በመጀመሪያ የምናገኘው እነዚሁኑ መርከበኞች ነው። ስም አላቸው፤ ነገር ግን ከጌታቸው የተለየ ሐሳብ የላቸውም። አብዲ ሊሞትለት ዝግጁ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ «ይህ ጉዞ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ አይጠይቅም። ቢያዙ ፈረንሳዊው ቆንስል አለው፤ አብዲ ማን አለው? ጥያቄው በባሕሩ ላይ ሁሉ ተንሳፎ ሳለ ደራሲው አያነሣውም። ፍቅሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሰው የታመነ ፈረሱን የሚወድበት ፍቅር ይመስላል።

ከዚያም የታሪክ ጸሐፊን የሚያሳስበው አለ። ጉዞው የተደረገው በ1915፥ መጽሐፉ የታተመው በ1933 ዓ.ም. ነው። ከዐሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የእያንዳንዱ ሰው ንግግር ቃል በቃል ተጽፎ ይገኛል፤ ባለታሪኩም በመጨረሻ ያልቀናው አንድም ዘዴ የለም። ተንኰለኞቹ ሁሉ ተንኰላቸው በፊታቸው ላይ ይነበባል፤ ደጋጎቹም ሁሉ በመጀመሪያ እይታ ይወዱታል። ስለ ነፋስ፥ ስለ ወደብና ስለ ጀልባ አሠራር የጻፈውን የታሪክ ተመራማሪ ቢቀበለው አይጐዳም፤ ስለ ራሱ ሐሳብና ስለ ሌሎች ሰዎች ልብ የጻፈውን ግን እንደ ልብ ወለድ ቢያነበው ይሻላል።

ትልቁ ድካም ግን ሌላ ነው። ሸክሙ ግመል ላይ ወጥቶ ወደ ግብፅ ሲያልፍ ታሪኩ ያበቃል። ወርቁ ይቈጠራል፤ ጀልባው ወደ ደቡብ ይመለሳል። ሐሺሹን የገዛው ሰው፥ የካይሮ ወዛደር፥ የቀን ደመወዙን በጢስ ያቃጠለው አባወራ፥ በቤት የቀሩት ልጆቹ አንድም ጊዜ አይታዩም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ስላገኙት ሰው የተነገረውን ምሳሌ የሚያስታውስ አንባቢ ልዩነቱን ወዲያው ያያል፤ በዚያ ምሳሌ ስለ ወንበዴዎቹ የተነገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የቀረው ሁሉ የቈሰለው ሰው ነው። በሞንፍሬድ መጽሐፍ ወንበዴው ብቻ ቀርቷል፤ የቈሰለው ሰው ከመንገዱ ተነሥቷል። ይህም ሰው ከዓለም ተሠውሮ የነበረ አይደለም። መጽሐፉ ከመታተሙ ስምንት ዓመት በፊት፥ በ1925 ዓ.ም. በጄኔቭ በተደረገው የኦፒየም ጉባኤ፥ ሐሺሽም በዓለም ውል ውስጥ እንዲገባ ያስጨነቀው የግብፅ መልእክተኛ ነው። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የግብፅ መንግሥት የሚያደነዝዙ ዕፆችን ንግድ የሚከታተል መሥሪያ ቤት አቋቁሞ በካይሮው የፖሊስ አለቃ በራስል ፓሻ ሥር አደረገው፤ የዚህም መሥሪያ ቤት ሪፖርት በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ይቀርብ ነበረ። በዚያ ሪፖርት የተሞሉት ሰዎች «በሐሺሽ ጉዞ» ውስጥ የሉም።

መጽሐፎቹ እንዴት እንደ ተጻፉ ማወቁም ለዚህ ነገር ይጠቅማል። በ1930 ዓ.ም. ለ ማተን የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ ዦዜፍ ኬሰል የተባለውን ጸሐፊ ስለ ባሪያ ንግድ መርምሮ እንዲጽፍ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ቀይ ባሕር ላከው። መንገዱን የመራው ሞንፍሬድ ነበረ። ኬሰል የሰውየውን ማስታወሻ አይቶ መጽሐፍ እንዲጽፍ መከረው፤ የመጀመሪያውም መጽሐፍ «የቀይ ባሕር ምሥጢሮች» በ1931 ዓ.ም. ወጣ። ኬሰልም ራሱ በ1932 ዓ.ም. ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ሞንፍሬድን በሌላ ስም አገባው። ከዚያ ወዲያ ዝናው በረረ፤ በ1937 ዓ.ም. የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲኒማ ሆነ፤ ለልጆች በተሣለው የቴንቴን ታሪክ ውስጥም የኮንትሮባንድ ጀልባ አዛዥ ሆኖ ብቅ አለ። ሞንፍሬድ ራሱ በባሪያ ንግድ ይታማ ነበረ፤ እርሱ ግን እስከ መጨረሻው ካደ። እንዲህ ሆኖ በአንድ እጅ ስለ ባርነት የሚመረምረውን ሰው ይመራ፥ በሌላ እጅ ከዚያው የባሕር ዳር ነጋዴዎች ጋር ይውል ነበረ።

ወዳጆቹም ሁሉ ከዚያ የባሕር ዳር የተገኙ አልነበሩም። የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስና የጥንተ ምድር ሊቅ የነበሩት ቴያር ዶ ሻርደን ከ1928 እስከ 1929 ዓ.ም. በኦቦክና በሐረር አገር አብረውት ተመላልሰዋል፤ በድሬ ዳዋ አጠገብ ያለውንና ዛሬ ፖርክ ኤፒክ የሚባለውን የጥንት ሰዎች ዋሻ ያገኙት በዚያ ጉዞ ነው። አባ ብሬይ የተባሉት ሌላው ሊቅ ደግሞ በ1933 ዓ.ም. በዚያ ዋሻ ቈፍረዋል። ሰውየው ባለጌ ወይም መሀይም ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያሉ ሊቃውንት ባልቀረቡት ነበረ፤ በድሬ ዳዋም የመብራት ኀይል ማመንጫና የዱቄት ወፍጮ ያቋቋመ ሰው ነው።

በዚያው በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢትዮጵያ እንዲወጣ አደረጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1935 ዓ.ም.፥ ሞንፍሬድ «የኢትዮጵያ ድራማ» የሚል መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። ይህ መጽሐፍ የጀልባና የነፋስ መጽሐፍ አይደለም፤ ኢትዮጵያ የባሪያ ፈንጋዮች አገር ናትና ጣልያን ቢገባባት ፍርድ ነው የሚያሰኝ ነው። ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የጣልያን መንግሥት ለመንግሥታት ማኅበር ያቀረበው የክስ ጽሑፍ ዋና ነጥቡ ባርነት ነበረ፤ በኦክቶበር 3 ቀን ጦሩ መረብን ተሻገረ። በጄኔቭ ከሁሉ ይልቅ የሚጠበቀው የፈረንሳይ ቃል ነበረ። የፈረንሳይ ሕዝብ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው ጥቂት ሲሆን፥ ከዚያም ጥቂት ውስጥ አንዱ ክፍል በሞንፍሬድ ብዕር የተነገረው ነበረ። የባሕሩን ታሪክ አምኖ የተከተለው አንባቢ የፖለቲካውንም ታሪክ አምኖ ለመከተል ሩቅ አልነበረም።

ባርነት በኢትዮጵያ አልነበረም ማለት ሐሰት ነው። ነበረ፤ ብዙ ሰውም አልቆበታል። ኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ይህ ነገር በግልጥ ተነሥቶባታል፤ በ1924 ዓ.ም. ዐዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942 ዓ.ም. ነው። አዝጋሚነቱ የሚያሳፍር ነው። ነገር ግን በ1935 ዓ.ም. መጽሐፍ ውስጥ ባሪያው ራሱ የት አለ? እንደ ሐሺሽ አጫሹ ሁሉ እርሱም የለም። ስሙ ተነሥቶ የክስ ማስረጃ ይሆናል፤ ፊቱ ግን አይታይም፤ ከወረራው በኋላ ምን እንደሚገጥመውም ደራሲው አይጠይቅም። በፊት የነበረው ድካም ያው ነው፤ በፊት ግን ዕዳው የአንድ ከረጢት ሐሺሽ ነበረ፤ አሁን የአንድ አገር ሆነ። በ«ሐሺሽ ጉዞ» ለሕግ የተፈገገው ፈገግታም እዚህ ደርሶ ጠፍቷል፤ ሁሉን ሕግ ሲያፌዝበት የነበረው ሰው የሮማን ክስ ያለ ፌዝ ተቀበለ።

ሞንፍሬድ በጦርነቱ ጊዜ የጋዜጣ ወሬ ላኪ ሆኖ ከጣልያን ጦር ጋር መጣ፤ በ1936 ዓ.ም. ስለ ኦጋዴን ተዋጊዎች የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በወረራውም ዘመን ወደ ሐረር ተመልሶ ኖረ። ጣልያን ሲሸነፍ እንግሊዞች ይዘው ወደ ኬንያ ወሰዱት። በ1947 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይ ገብቶ ኢንግራንድ በምትባል መንደር ተቀመጠ፤ የጻፋቸውም መጻሕፍት ወደ ሰባ ደረሱ። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ እየታተሙ ይነበባሉ፤ «የኢትዮጵያ ድራማ»ን ግን ከተመራማሪ በቀር የሚፈልገው ጥቂት ነው።

በኢንግራንድ ቤቱ አትክልት ውስጥ ለራሱ የሚሆን የኦፒየም አበባ ይተክል ነበረ። በዲሴምበር 13 ቀን 1974 ዓ.ም. በዘጠና አምስት ዓመቱ ሞተ፤ ይኸውም ከኢትዮጵያ ያስወጡት ንጉሠ ነገሥት ከዙፋናቸው በወረዱ በሦስተኛው ወር ነው።